የዙሌይካ ጉልበት

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውስጥ ቦቲ የሚፈልግ ሰው ወደ ወይዘሮ ሚርያም ሱቅ ይሄዳል። ቡና ለቃሚው፣ ችግኝ ተካዩ፣ ጭቃው ያስመረረው ሁሉ ጫማውን የሚያገኘው እሳቸው ዘንድ ነው። ከመደርደሪያ አውርዳ የምታስለካው ልጃቸው ዙሌይካ ናት፤ መሰላል የማያስፈልጋት ረጅም ልጅ። «ይሄ ሁሉ ቁመት ለጫማ ሻጭ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚቀልድ ደንበኛ አይጠፋም። «ገና መቼ ጨረስኩ፣ እያደግሁ ነው» ትለዋለች።

ቁመቷ ግን ሥራ ነበረው። ዙሌይካ በዞኑ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ መረቡ ሥር ሆና የምትመታ ነበረች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ስትነሳ፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ልጆች ኳሱ ሳይመጣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ያደርጉ ነበር ይባላል። እናቷ «ይባላል አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላሉ። ይህን ታሪክ የሰማሁት ከሁለቱም ነው፤ አንዷ ስታወራ ሌላዋ እያረመች።

ባለፈው ዓመት ዝናብ ባረጠበው ሜዳ ላይ ዘላ ስትወርድ ቀኝ እግሯ አዳለጣትና ጉልበቷ ዞረ። መጀመሪያ የተወሰደችው ወጌሻ ዘንድ ነበር። ሰውዬው ዳሰስ አደረጋትና «አጥንት ቢሆን የእኔ ነበር። ይሄ ጅማት ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አላቸው። እውነትም ጅማቷ በከፊል ተቀዷል። ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ ብዙ ልምምድና ብዙ ትዕግሥት ግን ያስፈልገዋል ተባለ።

ልምምዱን የያዘላት ባስልኤል የሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ዙሌይካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ትለዋለች፤ እሱም «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ሰልችቶት ትቶታል። ወራት አለፉ። እብጠቱ ሄደ፣ ማነከሱም ቀረ። መዝለሉ ግን እምቢ አለ። ጓደኛዋ አቢጊያ ኳሱን እንደ ድሮው ከፍ አድርጋ ታነሳላታለች፤ ዙሌይካ ትንደረደርና መረቡ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ብትዘልም የምታርፈው በግራ እግሯ ብቻ ነው፣ ቀኙ እንደ እንጨት ደርቆ።

«አይታጠፍም» ትላለች። «እዚህ ድረስ ይመጣና ይቆለፋል።»

አሰልጣኙ ገሠሠ ደግ ሰው ነው። ቡድኑ ለክልሉ ውድድር ወደ ቴፒ ሊሄድ ሲዘጋጅ ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት።

«ዙሌ፣ እኔ የምፈልገው ጉልበት ያለው ሰው ነው።»

«ጉልበትማ ሁለት አለኝ ኮች፤ አንዱ ነው ያስቸገረኝ።»

ገሠሠ ሊስቅ ብሎ ሳቁን ዋጠው። «እንግዲህ ቴፒ ከመሄዳችን በፊት ሁለቱም ካልሠሩ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።»

ያን ዕለት እራት አልበላችም ይላሉ እናቷ። «በልቻለሁ፣ ትንሽ ነው እንጂ» ትላለች እሷ። የሆነ ሆኖ የከበዳት ቴፒ አለመሄዷ ብቻ አልነበረም። ቦታው አንዴ ከእጇ ከወጣ ማን ይመልስላታል? «ድሮ ኳስ ትጫወት ነበር» እየተባለች ቦቲ ስታስለካ መኖሩ ነው ያስፈራት።

ባስልኤል መሣሪያውን ያመጣው ያኔ ነው። የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከጉልበት በላይ፣ አንዱ ከጉልበት በታች በላስቲክ ይታሰራሉ። እግሩ ምን ያህል እንደታጠፈ፣ መሬት ሲነካ ምን ያህል እንደተናጠ እየለኩ ወደ ስልክ ይልካሉ፤ ስልኩ ላይ መስመሩ እንደ ኮረብታ ሲወጣ ሲወርድ ይታያል።

«ቀኑን ሙሉ አይለይሽ» አላት። «ሱቅም፣ ሜዳም፣ ቤትም። ከሰጠሁሽ ልምምድ ሌላ ግን ምንም እንዳትሠሪ። በተለይ ቁጭ ብድግ እንዳትሞክሪ፣ ገና ነው።»

ወይዘሮ ሚርያም የመሣሪያው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይተው «እግርሽ ቻርጅ እያደረገ ነው እንዴ?» አሉ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ባስልኤል ስልኩን ሲያይ ግራ ገባው። ሜዳ ላይ መስመሩ ዝቅ ያለች ጉብታ ናት፤ ጉልበቱ በግማሽ እንኳ አይታጠፍም። ግን በየቀኑ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጀምሮ፣ ያው ጉልበት እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፣ ይቆያል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይታጠፋል። ቀትር ላይ እንደገና፣ አመሻሽ ላይ እንደገና። መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቷል አለ። ቀጥሎ ልጅቷ ተደብቃ ቁጭ ብድግ እየሠራች ነው ብሎ ተናደደ። ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ አልጠበቀም፤ በባጃጅ ሱቁ ድረስ መጣ።

«ማነው ቁጭ ብድግ ያሠራሽ?»

«ማንም።»

«ዙሌይካ፣ አትዋሺኝ። መሣሪያው ያሳብቃል።»

«ወላሂ አልሠራሁም! እማ፣ ንገሪው እንጂ።»

«እኔ ስትሠራ አላየሁም» አሉ እናቷ። «ቁጭ ብትልልኝማ በወደድሁ።»

ባስልኤል ስልኩን አዞረላቸው። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ጎህ ሲቀድ። ይሄስ? ቀትር ላይ። ይሄ ደግሞ ልክ ጀምበር ስትጠልቅ።»

ሦስቱም መስመሩ ላይ አፈጠጡ። ወይዘሮ ሚርያም በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑና ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ይሄማ ሶላት ነው!»

«ሶላት?» ባስልኤል ወደ ዙሌይካ ዞረ። «ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምሰግደው ብለሽኝ አልነበረም?»

«እሱማ ድሮ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እግሯ በተጎዳ ሰሞን በእርግጥ ወንበር ላይ ሆና ነበር የምትሰግደው። አንድ ቀን ግን የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወንበሩን ደንበኛ ይዞታል፤ አንዱን ቦቲ አጥልቆ ሌላውን ይታገላል። ሰውን ተነስ አይባልም። ከመደርደሪያው ጀርባ ምንጣፏን ዘረጋች፣ ወረደች፣ ሰገደች፣ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ በዚያው ቀጠለች።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ? ጉልበትሽን እስከ መጨረሻ ታጥፊያለሽ ወይ ባልኩሽ ቁጥር አልችልም አይደል የምትይኝ?»

«አልችልማ!»

«ስትሰግጂስ?»

«ዶክተር ደግሞ! ሶላት ስፖርት ነው እንዴ?»

አልዋሸችም። ለእሷ ልምምድ ማለት ሜዳ ነው፣ ፊሽካ ነው፣ ላብ ነው። ሰው ስንት ጊዜ ጉልበቱን እንዳጠፈ እያሰበ አይሰግድም። ባስልኤልም በመጨረሻ ሳቁ ተጋባበት። «እኔስ ብሆን! መስጊድ አጥር ሥር ያደግሁ ሰው፣ ሰዓቱን አይቼ እንኳ አልገባኝም።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነጋገራት። «ስሚኝ። ጉልበትሽ ደካማ ቢሆን ይሄ መስመር ይንቀጠቀጥ ነበር። አይንቀጠቀጥም። ክብደትሽን ይዞ ይወርዳል፣ ክብደትሽን ይዞ ይነሳል። መዝለል ከዚህ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም፣ ደረጃ በደረጃ ነው የምንሄደው። ግን ሜዳ ላይ የሚቆልፈው ጅማቱ አይደለም።»

«ፈሪ ነሽ ነው የምትለኝ?»

«አንዴ የወደቀ ሰው ይፈራል። ችግሩ ፈርተሽ ስታደርቂው የበለጠ መጎዳትሽ ነው። ስታርፊ የሚመጣውን ንጠት የሚችለው የሚታጠፍ ጉልበት ነው።»

ዙሌይካ መሣሪያው የታሰረበትን ጉልበቷን ዳሰሰች። «ስሰግድ እኮ ጉልበቴን የሚያስበው የለም» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ጭምር።»

ከማግስቱ ጀምረው ልምምዱን እንደ አዲስ ያዙት። መጀመሪያ ከዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውረድ፣ በሁለቱም እግር ማረፍ። ቀጥሎ በቦታ መዝለል። ባስልኤል በየመሐሉ ስልኩን ያሳያታል፤ የቀኙ ጉብታ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ወደ ግራው ሲጠጋ በዓይኗ ታያለች። «ውሸታም!» ትለዋለች ጉልበቷን፣ ልክ እንደተያዘ ሌባ እያየችው። አቢጊያም አልተኛችላት። «ዛሬ ካልዘለልሽ ቦቲ ከሌላ ሱቅ ነው የምገዛው» ትላታለች።

ወደ ቴፒ ሊነሱ ሲቃረቡ ገሠሠ ሜዳ ላይ ሊያያት ጠራት። ወይዘሮ ሚርያም በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያደረጉት ለሠርግ ብቻ ነበር። አቢጊያ ኳሷን አነሳች። ዙሌይካ ተንደረደረች፣ መረቡ ጋ ደረሰች፣ አልቆመችም። ዘለለች። በሁለት እግሯ አረፈች። ኳሷ ግን መረቡ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ዙሌይካ ወገን ተመልሳ ወደቀች።

«አላለፈችም እኮ!» አለ ገሠሠ።

ባስልኤል ስልኩን እያሳየው «እግሯን እይ፣ እግሯን!» አለ።

«እግሯን ምን ላድርገው? እኔ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነኝ እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። ዙሌይካ ብቻ አልሳቀችም፤ ወደ መነሻዋ ተመልሳለች። ሁለተኛዋ ኳስ አለፈች። ሦስተኛዋ ደግሞ መሬት ስትመታ ወይዘሮ ሚርያም ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ።

ገሠሠ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ቴፒ ትሄጃለሽ። ግን በተጠባባቂነት ነው የምትጀምሪው፣ እንዳታኮርፊ።»

«ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሚርያም።

«ሌሎቹ ሲደክማቸው የምትገባ ማለት ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ እንዲደክማቸው ዱዓ ላድርግ?»

«እማ!» አለች ዙሌይካ ከወዲያ ማዶ። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞራ እጇን አወዛወዘች። «አቢ፣ ድገሚልኝ እስቲ። አሁን ከፍ አድርጊው።»