ጋሼ ታደሰና የተከለከለችው ቆቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስሄድ፣ ሚኒባሳችን ጭጋግ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጓዝ ሁለት ልጆች ከመንገዱ ዳር ብቅ አሉ። አንደኛው እግሯን የታሰረች ቆቅ ዘቅዝቆ ይዞ ወደ መስኮቱ አስጠጋት። ወፊቱ አንዴ ጮኸች፤ ያ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ የሚንቋረር ድምፅ ነው። ሾፌሩ ዋጋ ጠየቀ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት "ለበሽተኛ እኮ መረቋ ፍቱን ነው" አለች። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ። ምን ይደረግ፣ ጋሼ ታደሰ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ጋሼ ታደሰ አንኮበር ጎረቤታችን ነበር፤ የሚለየን አጥር ብቻ ነው። ሥራው የዱር አራዊት ጥበቃ ነበር። ካኪ ካፖርቱ ከጉልበቱ በታች ይወርዳል፤ ዝናብ ሲመታው የረጠበ በግ ይሸታል። በደረት ኪሱ ትንሽ ራዲዮ ስለሚይዝ፣ ከጽዱ መሃል ሲመጣ እሱን ከማየታችን በፊት ዜናውን እንሰማለን። እንዴት እንደምንፈራው! ወንዶቹ ልጆች ራዲዮውን ሲሰሙ ድንጋያቸውን ጥለው ይበተኑ ነበር።

ክረምት ከገባ ጀምሮ መስከረም እስኪያልቅ ቆቅም ጅግራም መንካት ክልክል ነው፤ እንቁላል የሚታቀፉበት፣ ጫጩት የሚያሳድጉበት ጊዜ ነዋ። ከጥቅምት ጀምሮም ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ ወጥመድማ ጭራሽ አይታሰብም። የተያዘች ወፍ በሕይወት ካለች ትለቀቃለች፤ ከሞተች ትቀበራለች እንጂ ማንም አፍ አትገባም። አለዚያማ ጠባቂዎቹ ነጥቀው ይበላሉ መባሉ አይቀርም።

የሚገርመው፣ በወጣትነቱ እሱ ራሱ ቀንደኛ አጥማጅ ነበር። እትዬ ዘነበችን ሲያገባ ከቤቱ ቆቅ ጠፍቶ አያውቅም ነበር አሉ። ኋላ ወፎቹ ከገደሉ ጨርሰው ሊጠፉ ሲሉ ጠባቂ ተፈለገና እሱ ተቀጠረ። ወጥመዶቹን በሙሉ ደጁ ላይ ከምሮ አቃጠላቸው። "እሱ ጠግቦ ሲያበቃ ለኛ ከለከለ" እያለ የሚያማው ግን ብዙ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ እትዬ ዘነበች ታመመች። ሳቋ ከኛ ቤት ድረስ የሚሰማ ሴት ነበረች፤ በአንድ ክረምት አልቃ አልጋ ላይ የቀረው ዓይኗ ብቻ ነበር። ደብረ ብርሃን ታክማ ተመለሰች። እንደማትድን ትልልቆቹ ያውቁ ነበር። ምግብ የሚባል አልወርድ አላት። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት እማዬ ልትጠይቃት ስትገባ ተከትያት ነበርና፣ "እንደው ያ የድሮው የቆቅ መረቅ አማረኝ" ስትል በጆሮዬ ሰማኋት።

እማዬ ጋሼ ታደሰን ደጅ ላይ ያዘችው።

"አንተ ታደሰ፣ አንዲት ወፍ ናት እኮ! ማን ያይሃል?"

"እኔ ከበላሁ ነገ ማንን እከለክላለሁ?" አላት።

ዶሮ አረደላት። አንዴ ጎርሳ መለሰችው። "ትንሽ ጠብቂኝ፣ ጥቅምት ይግባ እንጂ በፈቃድ አመጣልሻለሁ" ይላታል፤ እሷም "እሺ" ትለዋለች። ጥቅምት ግን ሩቅ ነበር።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ከታች ሰፈር አያ ወልዴ የሚባሉ ደግ ሰው አንዲት የሞተች ቆቅ በጋቢያቸው ሸፍነው አመጡላት። እኛ እዚያው ነበርን። እትዬ ዘነበች ወፊቱን ስታይ ከትራሷ ቀና አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ስትል አየኋት። ወዲያው የራዲዮው ድምፅ ከደጅ ተሰማ። ጋሼ ታደሰ ገባ፣ አየ። ከዚያ ቆቋን አንስቶ ወጣና ከአጥሩ ሥር በዶማ ቆፍሮ ቀበራት። አያ ወልዴን አልከሰሳቸውም፤ "ሁለተኛ እንዳይለምድዎት" ብቻ አላቸው። እትዬ ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ልብህ ከምን ተሠራ አንተ ሰው?" ብላ እማዬ ጮኸችበት። እኔም ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ጠላሁት።

እትዬ ዘነበች የመስቀል ሰሞን አረፈች። በለቅሶው ላይ ሰዉ እጁን ሰጥቶት ቶሎ ፈንጠር ይላል። እማዬም ከቀብሩ በኋላ ሰላምታ ነፈገችው።

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው የፍስክ ቀን ጋሼ ታደሰ ፈቃድ አውጥቶ፣ የወፍ ጠመንጃ ተውሶ ወደ ገደሉ ወረደ። ከሰዓት በኋላ መጥቶ በራችን ላይ ቆመና "አንዴ ኑልኝ" አለን። እማዬ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ነጠላዋን አነሳች። ቤቱ ስንገባ በሸክላ ድስት የቆቅ ወጥ ሠርቷል፤ ሽንኩርቱ አርሯል፣ ጨው በዝቶበታል። ሠርቶ አያውቅማ።

"ብሉላት" አለን። "አምሯት ነበር።"

እማዬ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፤ መዋጥ ግን አቃታት። እኔም አልቻልኩም። እሱ ቁራሽ እንኳ አልነካም። ድስቱን እያየ፣ "ብሰርቅላት ኖሮ ምን ነበረበት?" አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። ያን ሁሉ የሰደበችው እማዬ ጎኑ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።

በማግስቱ ካፖርቱን ለብሶ ወደ ጥበቃው ሄደ። ጡረታ እስኪወጣ አንዲት ወፍ አላስነካም። እሱ ባረፈበት ዓመት ቆቆቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ገብስ ማሳችን ድረስ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይመጡ ጀመር። ነዶው ላይ ሲሰፍሩ ላባርር ድንጋይ ሳነሳ፣ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

"ተያቸው" አለችኝ፤ "የዘነበች ድርሻ ናቸው።"