ዓሦቹ በታጠነ ውሃ

ስሜ ተለጥፏል! ዛሬ ጠዋት፣ ትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ለሳይንስ ዐውደ ርእይ ካለፉት ሥራዎች መካከል፦ «ዓሣ ሽታን እንዴት ይለያል»። በደስታ ዘለልኩ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን መስመር አነበብኩና ደሜ ፈላ። «አማካሪ» ይልና የባዮሎጂ መምህራችን ስም።

አማካሪ? እሳቸው?

አባቴ ከሐሮማያ ሐይቅ ሦስት ትንንሽ የቆሮሶ ዓሦች በጄሪካን ካመጣልኝ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ነው የሠራሁት። ዳቦ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ጠብ ሳደርግ ተሽቀዳድመው ይመጣሉ። የቆሰለ ዓሣ ቆዳ የታጠበበትን ጠብ ሳደርግ ግን ታች ወርደው ድርቅ ይላሉ። አፍንጫቸው ማሽተቻ እንጂ መተንፈሻ አይደለም። ሽታውን ከአንጎላቸው ፊት ለፊት ያለች እብጠት ትቀበልና ወደ ውስጥ ታስተላልፋለች፤ አንዱ ሽታ «ብላ»፣ ሌላው «ተደበቅ» ይሆናል።

ክፍል ውስጥ ባሳየሁበት ቀን ግን ለዳቦውም ለቆዳውም ንቅንቅ አላሉም።

«ጉንፋን ይዟቸው ይሆናላ!» አሉ መምህሩ። ክፍሉ አውካካ። ወረቀቴ ላይ «የፈጠራ ወሬ» ብለው ጽፈው ከዐውደ ርእዩ ዝርዝር ሰረዙኝ።

ቤት ገብቼ ሳለቅስ አከራያችን፣ እዚሁ ሐረር ጀጎል ተወልደው ያረጁ እናት፣ ደነገጡ። «ለትምህርት ቤት ውሃ የወሰድሽበትን ጄሪካን በወይራ ጭስ አጥኜልሽ ነበር እኮ! ሰው ፊት የሚቀርብ ውሃ ሳይታጠን ይሄዳል እንዴ? ወላሂ፣ ለክብርሽ ብዬ ነው።»

«ለመጠጥ አልነበረም እኮ፣ እማማ!»

«ዓሦቹስ አይጠጡም?»

እሳቸውን እንዴት ልቆጣ? ውሃውን ቀይሬ ደገምኩት። ባልታጠነ ውሃ ለሁለቱም ሽታ መልስ ሰጡ፣ በታጠነው ዝም። ጭሱ ሽታውን ሸፍኖት ይሁን አፍንጫቸውን አደንዝዞት ገና አላወቅኩም። ግን ወሬ አይደለም! ወደ መምህሩ ሮጥኩ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «የተሰረዘ ተሰርዟል። የጭስ ተረት አልሰማም።»

ዓሦቹን በባልዲ ይዤ ርዕሰ መምህርቷ ጋ ሄድኩ። ባልዲውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም አሳየኋቸው። «ይሄማ ያልፋል» አሉ። ዛሬ ያንን መስመር ይሰርዙልኝ ዘንድ ስለምናቸው ደግሞ፣ «ተማሪ ያለ አማካሪ አይቀርብም፤ ደንብ ነው። ተይው» አሉኝ።

አልተውኩትም። ቅዳሜ ጠዋት ለዐውደ ርእዩ ትምህርት ቤታችን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኑ። መጀመሪያ አማካሪዬን «ዓሣ በምን ያሸታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ከጠፋቸው ባልዲው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ።