እትዬ ጌጤ ደጅ የተሰጣው ፍራሽ

ልጅ እያለሁ ፀሐይ አልወድም ነበር። የቀጨኔ ልጅ ሁሉ ክረምቱ መቼ ባለፈ ሲል፣ እኔ መስከረም ባይጠባ ብዬ እመኛለሁ። ምክንያቱ ፍራሼ ነው። ክረምት ሲሆን ፍራሽ ደጅ አይወጣም። በጋ ሲሆን ግን በየማለዳው ተሸክሜው ወጥቼ መሀል ግቢ በተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ግቢው ሁሉ ያየኛል። ሦስተኛ ክፍል ደርሼ አልጋ ላይ እሸና ነበር። ይኸው ተናገርኩት፣ ማፈሩ ድሮ አልቆልኛል።

ፍራሹን ራሷ ትሸከም የሚለውን ሕግ ያወጣችው እናቴ አይደለችም፤ እትዬ ጌጤ ናት። የእሷ በር ከእኛ በር ፊት ለፊት ነበር። እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። ማለዳ አዲሱ ገበያ ሄዳ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ ትውልና አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቁልፍ የምትሰጠኝ፣ ምሳዬን የምታቀርብልኝ እትዬ ጌጤ ስለነበረች እናቴ እሷ ፊት ቃል አይወጣትም። "ካላፈረች አትተውም" አለቻት አንድ ቀን። "አንቺ እያጠብሽ፣ እየደበቅሽላት እስከ ሠርጓ ድረስ ትሸናለች።" በማግስቱ እናቴ ፍራሹን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ "አውጪው" አለችኝ።

እርጥብ ስፖንጅ እንዴት እንደሚከብድ የተሸከመ ያውቀዋል። ውሃው አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ዩኒፎርሜ ላይ ተጣብቆ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለኛል። የእትዬ ጌጤ ልጅ ሰናይት፣ ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ቆንጆ፣ በር ላይ ቆማ ፀጉሯን እያበጠረች "ዛሬ ደግሞ የየት አገር ካርታ ነው የሳልሽው?" ትለኛለች። የግቢው ልጆች ከእሷ ተምረው፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ተራዬ በደረሰ ቁጥር "ካርታ፣ ግቢ" ይሉኛል። እትዬ ጌጤ ራሷ ደግሞ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በጣቷ እያሳየች "ይህን የምታክል ልጅ እኮ ናት" ትላለች። ልጅ ቂም አይዝም የሚሉ ሰዎች ልጅ ሆነው አያውቁም መሰለኝ። እኔስ ጥርሴን ነክሼ ነው የያዝኩላት።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ጌጤ ቤታችን መጣች። በማግስቱ ሰናይትን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ግቢው ተጠርጓል፣ ቄጤማ ተገዝቷል፣ እናቴም ልታግዛት ቃል ገብታለች። "ነገ ግን ፍራሹን እንዳታስወጪያት፣ አደራ" አለቻት እናቴን። "ሰው ፊት ያሳፍራል።"

ለካ ያሳፍራል። ለካ ታውቀው ነበር። ለእኔ መድኃኒት ነው የተባለው ነገር የእሷ ደጅ ሲደርስ ነውር ሆነ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ ጉድ ጉድ ሲሉ ፍራሼን አንሥቼ ወጣሁ። ማንም ሳያዘኝ ስሸከመው የመጀመሪያዬ ነበር። የግቢውን ገመድ አልፌ፣ እትዬ ጌጤ ነጠላዋን የምታሰጣበት በሯ ሥር ያለች አጭር ገመድ ላይ ሰቀልኩት። እርጥቡን ጎን ወደ ውጭ አዞርኩ። ከዚያ የራሳችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እንደ ደንቡ በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ጌጤ "ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ" ትላለች፣ እነሱ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ። እነሱ እንዲህ ሲግደረደሩ ፍራሹ የትልቁን ሽማግሌ ትከሻ ተደግፏል። ሰውየው ጋቢያቸውን ዳሰሱ፣ እጃቸውን አሸተቱ፣ ጓደኞቻቸውን አዩ። "ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አለ እንዴ?" ብለው ቀስ አድርገው ጠየቁ። እትዬ ጌጤ ደግሞ ገና አሁን ነው "ከሰናይት ሌላ ልጅ የለኝም" ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችው። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

"የጎረቤት ልጅ ናት፣ አባቴ" አለች ተቻኩላ፣ ወደ እኔም ዞረች። "ነይ እስኪ የኔ ቆንጆ፣ ፍራሹ የማን እንደሆነ ንገሪያቸው።" ከዚያ በፊት የኔ ቆንጆ ብላኝ አታውቅም። ሄጄ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣሁና "አላውቀውም" አልኩ።

በዚህ መሀል እናቴ ትሪ ይዛ ከጓዳ ወጣች። "አስናቁ፣ የልጅሽ ፍራሽ አይደል እንዴ? ንገሪያቸው እንጂ" አለቻት እትዬ ጌጤ። ልመና ነበር። እናቴ ፍራሹን አየችው። የፍራሹን ሽፋን በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ዛሬ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። እሷ ገበያ ስትውል ከእትዬ ጌጤ ሌላ የሚያየኝ ሰው እንደሌለ እኔም አውቃለሁ።

"የኛ ፍራሽ ቤት ውስጥ ነው" አለች እናቴ ተረጋግታ። "የኔ ልጅ ከተወች ቆየች።"

ሠርጉ እንዳልቀረ ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሽማግሌዎቹ ከብዙ ማጣራት በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ሰናይትም ተዳረች። ግን "ካርታ" የሚለው ስም ከእኔ ላይ ወርዶ እሷ ላይ ወጣ፣ ሚዜዎቿ ጆሮ ሳይቀር ደረሰ። ያኔ ደስ አለኝ። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። እትዬ ጌጤ እናቴን ሰላም ማለት ተወች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ገበያ እየሄድኩ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ጀመር። ፍራሹ ዳግመኛ ደጅ አልወጣም። ስለዚያ እሑድ ግን እኔና እናቴ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ዛሬ እናቴ ዊንጌት አካባቢ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ልጄ ናሆም አንደኛ ክፍል ነው፣ እሱም አልጋ ላይ ይሸናል። ክሊኒክ ወስጄው ሐኪሟ "ብዙ ልጆች ላይ ያለ ነው፣ አትቆጡት፣ አታሳፍሩት፣ በጊዜው ይተዋል" አለችኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ያኔ ይህችን ለእናቴ የሚነግራት አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

በቀደም ማለዳ ከወትሮው ቀደም ብዬ ስነሣ እናቴን መታጠቢያ ቤት የናሆምን አንሶላ ስታጥብ አገኘኋት። "ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"እኔ ነኝ። ውሃ ላጠጣው ስል ደፋሁበት" አለች፣ ሽማግሌዎቹ ፊት በዋሸችበት በዚያው የተረጋጋ ፊት።

ናሆም በሩ ጋ ቆሞ ያየናል። ዓይኑ ላይ ፍርሃት የሚባል ነገር የለም። አያቱ እንደምትሸፍንለት ያውቃል፣ ለምዶታል። ለልጄ ደስ አለኝ። ደግሞም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በገዛ ልጄ ቀናሁ። እኔን ዋሽታ የሸሸገችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱን በየማለዳው ትሸሽገዋለች። እትዬ ጌጤን ተበቅያታለሁ። እናቴን እንዴት አድርጌ እንደምበቀላት ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና፣ የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ ይዤ አብሬያት እጨምቅ ጀመር።