በበሬ የተለወጠው ኦፓል

አርብ ገበያ ለድንጋይ ገዢው ለጋሽ ሞላ ተቀጥሬ ሥራ የጀመርኩት በጾም ቀን ነው። ገበያው አርብ ይውላል፣ አርብ ደግሞ ጾም ነው። ጋሽ ሞላ ኦፓል ከሚሉት የከበረ ድንጋይ ደረቁን ሰጡኝና ምላሴን እንዳስነካው አዘዙኝ። የኛ አገር ኦፓል ውሃ ይጠማዋል፤ ምላስ ሲነካው ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ብርጭቆ ግን ያሙለጨልጫል። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አፌ ምንም አይነካም አልኳቸው።

«አርብ ገበያ የምላስ ሥራ ይዘን መጣን» ብለው ሳቁ።

ስለዚህ በውሃ አስተማሩኝ። እውነተኛው ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጠጣል፤ ቀይና አረንጓዴው ይጠፋና እንደ በረዶ ይጠራል። ጥላ ላይ ሲደርቅ ቀለሙ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው በገበያችን ያረጠበ ወሰደ የሚል ደንብ ያለው።

በፋብሪካ የሚሠራውን፣ ውሃ የማይጠጣውን አስመሳይ መለየት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እሱን ከጎን ነው የሚያዩት፤ ቀለሙ እንደ ተተከለ አጥር ቀጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትምህርቴ ስሜን ከመጻፍ ብዙም አያልፍም፤ ይህንንም ጽሑፍ ፊደሉን ያረመችልኝ ልጄ ትርንጎ ናት።

ትርንጎ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ትለኝ ጀመር። ስለፈራሁ እዚሁ ድንጋይ ነግጂ አልኳት። ሰኔ ላይ፣ የዘር እርሻ ሊጀመር ሲል፣ አንድ አርብ እየሮጠች መጣች።

«እማ፣ ይቺን እዪያት እስቲ።»

የተሞረደ ኦፓል ነው፣ እሳት የመሰለ። ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ከመጣ ሰው በበሬያችን ለውጣው ኖሯል። ያለን በሬ አንድ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን ነው የምናርሰው። ከጎን ሳየው አጥሩ ያለ መሰለኝ፤ ግን ዐይኔን አላመንኩም። ጋሽ ሞላ ደግሞ ያን ቀን ደብረ ታቦር ሄደዋል።

ሰውየው በሬውን ከብት ተራ አስሮ ከገዢ ጋር ይነጋገራል። ጥርጣሬዬን ነገርኩት።

«እትዬ፣ ከተጠራጠሩ ምላስዎን ያስነኩት» አለኝ ፈገግ ብሎ። ጾሜን የምፈታው በዘጠኝ ነው፣ ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ በሬው ተሽጦ ይሄዳል። በውሃ ልየው ስለው ደንቡን ጠቀሰብኝ፤ ካረጠብኩት መመለስ የለም።

የገበያውን ሽማግሌ አያ በላይን ለምኜ አመጣኋቸውና በጣሳ ውሃ አስቀዳሁ። ድንጋዩን ስጨምረው ሁለቱንም ፈራሁ። ቀለሙ ከጠፋ በሬው ሄደ፣ ድንጋዩም ሲደርቅ ይሰንጠቅ ይትረፍ አይታወቅም። ካልጠፋ ልጄ በመጀመሪያ ንግዷ ሰው ፊት ተዋረደች፤ ከዚያ በኋላ አገር ቤት ትቀመጣለች ወይ?

ቆየን። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ትርንጎ ደስ ብሏት ክንዴን ያዘች።

«አልጠፋም እኮ እማ። ይኸው ያበራል።»

እውነተኛው ይጠፋ ነበር አልኳት። እጇን ለቀቀች።

አያ በላይ ጣሳው ላይ አጎንብሰው አዩና ወደ ሰውየው ዞሩ። «ደንቡ ቀለሙ ለሚጠፋ ድንጋይ ነው። ያንተ ምን ጎደለበት? ድንጋይህን ያዝ፣ በሬውን ፍታ።»

ሰውየው እኔም ተታልዬ ነው አለ። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። በሬውን ግን ፈታ።

ትርንጎ በሬውን እስከ ቤት ነዳችው። በራፍ ላይ ስንደርስ፣ «ያምር ነበር» አለች። አዎ፣ በጣም ያምር ነበር አልኳት። በሚቀጥለው አርብ ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ድንጋይ መለየት ጀመረች። እስካሁን ዐረብ አገር አልሄደችም።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው። የኛን አገር ኦፓል የሚያስታውቀው ማማሩ አይደለም፤ ውሃ መጠጣቱ ነው። የተጠራጠራችሁትን በምስክር ፊት አርጥቡት። ቀለሙ ካልጠፋ መልሱት።