አንበሳው ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ

ልጅ ሳለሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፤ አመሻሽ ላይ ስቲማ፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ በጠፋ ቁጥር እናቴ ከኢስሊ ሱቋ እስክትመለስ አያቴ አባባ ሙላቱ የከሰል ምድጃውን፣ ጂኮውን፣ በረንዳ ላይ አውጥቶ በቆሎ እየጠበሰ ተረት ይነግረን ነበር። ስቲማ ደግሞ ያኔ መጥፋት አይታክተውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኔና የጎረቤት ልጆች «እሰይ!» ብለን ደረጃውን በሩጫ እንወጣለን። አባባ ሙላቱ ኩራዟ እንዳታጨስ ክሯን ዝቅ ያደርግና ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ያራግባል፤ ጭሱ ዓይናችንን ሲያስነባው «ለጭስ አታልቅሱ፣ ለተረቱ አቆዩት» ይለናል።

«ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» እንላለን። «ላሟን ተዉአት፤ የእኔ የበቅሎ ነው» ይላል። እውነትም ሌላ ተረት ቢያውቅም ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደዚያችው ነበር።

ጨው ጫኝ በቅሎዎች ነበሩ፤ ጀርባቸው ቆስሎ ዝንብ ወረረው። አንድ ቀን ጭነቱ ካልቀለለልን አንነሳም ብለው መንገድ ላይ ተኙ። ነጋዴው ጮኸ፣ አገሩ ጨው አጣ፣ በመጨረሻ አንበሳው ራሱ መጣ። መነጽሩን አወለቀ፣ በነጭ መሐረብ ወለወለው (እኛ ልጆቹ አንበሳ ሁሉ መነጽር የሚያደርግ ይመስለን ነበር)፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ልጆቼ፣ እኔ ገላጋይ ነኝ፤ የማንም ወገን አይደለሁም። ጉዳያችሁ እስኪታይ አርባ ቀን ጫኑ፤ አገር ተቸግሯል።» በቅሎዎቹ አመኑት። በዚያ በአርባ ቀን ውስጥ አንበሳው ጅቦቹን ከኋላ ከኋላ እያስከተለ መንገዱን አስጠናቸው። በአርባ አንደኛው ቀን በቅሎዎቹ መልስ ሊሰሙ ሲሰበሰቡ ጨው ጫኞቹ ጅቦች፣ እነሱ ደግሞ የጅቦቹ ስንቅ ሆነው ተገኙ።

«ከዚያስ?» እንለዋለን፤ እያወቅነው።

«ከዚያማ ወሬው ተሰማ። ውሃ የሚጭኑት አህዮች ሰሙ፣ የሚያርሱት በሬዎች ሰሙ፣ ሁሉም ቁስሉን ይዞ ዝም አለ። በቅሎዎቹ ብቻ ተበሉ እንዳትሉ፤ የአገሩ እንስሳ ሁሉ ነው አፉ የተዘጋው።» አፌን በዳቦ አብሱ ብሎ አያውቅም። አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ቁልቁል ይተፋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ ስንት ቀን ተጣልታዋለች።

የተረቱን እውነት የነገረችኝ እናቴ ናት። አባባ አገር ቤት፣ ቆላ ውስጥ ባለ ዴፖ የባቡር መካኒክ ነበር። ሠራተኞቹ ሥራ ላይ ለሚጎዳ ሰው መታከሚያ ይሰጥ ብለው መፍቻቸውን አስቀመጡ፤ የዚያን ጊዜው መንግሥት አስታራቂ ብሎ አንድ ሹም ላከ። ጉዳዩ እስኪታይ ሥራ ቀጥሉ ተባሉ፤ ቀጠሉ፤ አጠገባቸው ወታደሮች ቆመው ሥራቸውን ተማሩ። አርባኛው ቀን ሲያልፍ ሹሙ ዴፖው በር ላይ ቆሞ የተባረሩትንና የሚታሰሩትን ስም አነበበ። አባባ ታስሮ ተፈታ። አብሮት የታሰረው ጓደኛው ኃይሉ ግን ከእስር ቤት ሬሳው ወጣ። ይኼን ከሰማሁ በኋላ ተረቱን እንደ ሌሎቹ ልጆች መስማት አልቻልኩም፤ አንበሳው በተነሳ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

የአባባ ትንሿ ልጅ አክስቴ ሰናይት ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፏት፣ ጊጊሪ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር የነበረውን ዮናስን ወዳ፣ እሱን ካላገባሁ ቆሜ እቀራለሁ ትል ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት የዮናስ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ዮናስን ያሳደገው አጎቱ አቶ ግርማ ነበር፤ ያ መንግሥት ሲወድቅ ከአገር የወጣ፣ ኪሌሌሽዋ የሚኖር፣ ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ባልና ሚስት በተጣላ ቁጥር የሚጠራው የታወቀ አስታራቂ። አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። አቶ ግርማ ሊናገር ሲል መነጽሩን አወለቀ፣ ከደረት ኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣ፣ ወለወለ።

አያቴን አየሁት። ጉልበቱ ላይ የነበረው እጁ ሱሪውን ጨምድዶታል። ጆሮው ስር ተጠግቼ «አባባ፣ አንበሳው ነው» አልኩት። «ዝም በይ» አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ሰዎቹ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ሲጨርሱ፣ አያቴ በለሰለሰ ድምፅ «ጉዳያችሁን ሰምተናል፤ እስኪታይ በአርባ ቀን ተመለሱ» አላቸው።

ሌላ ሰው ሁለት ሳምንት ነው የሚቀጥረው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ግን ወግ ነውና ሄዱ። በአርባ ቀናቸው መጡ፤ ደግሞ አርባ ቀን ጨመረላቸው። አቶ ግርማ አራት ፎቅ እያለከለከ ሲወርድ በደረጃው ብረት ላይ ተንጠልጥዬ አየሁትና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አክስቴ ግን እየከሳች ሄደች። አንድ ምሽት ጂኮው አጠገብ መጥታ «አባባ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችው። «ማን ጸሎት ላይ ነኝ አለሽ?» አላት። ዮናስ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ አልልክም ብሏል፤ ያሳደገው አቶ ግርማ ነዋ።

በሦስተኛው ጊዜ አባባ ቆሞ ጠበቃቸው።

«አቶ ግርማ፣ አላወቁኝም?»

አቶ ግርማ ትክ ብሎ አየው፤ በቤተ ክርስቲያን ያውቀው እንደሆነ የሚያስታውስ ዓይነት።

«የባቡር ዴፖው በር ላይ ስም ሲያነቡ እዚያ ነበርኩ።»

አቶ ግርማ መሐረቡን በእጁ እንደያዘ «ብዙ ነበራችሁ» አለ። ቀጥሎ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «እርስዎ የትኛው ነበሩ?» አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር፤ የዚያን ቀን በዓይኔ አየሁት። አያቴ በየምሽቱ በከሰል ጭስ ሲያጥነው የኖረው ሰው አያቴን በመልክም በስምም አያውቀውም።

«ልጄን ለዮናስ ሰጥቻለሁ፤ አሁን፣ ዛሬ» አለ አባባ። «እርስዎ ግን ከእንግዲህ ይህን ደጃፍ አይረግጡም። በሠርጉም፣ በመልሱም።»

የሠርጉ ዕለት ዮናስና ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊወስዱ ደረጃውን ሲወጡ የአቶ ግርማ መኪና ከበሩ ማዶ ቆሞ ነበር። ሰውዬው ከሙሽራው ጋር መጥቶ፣ እዚያው መኪናው ውስጥ ቀረ። ዮናስ የወገን ሽማግሌ ሳይኖረው ብቻውን ጉልበት ሲስም አክስቴ በቬሏ ውስጥ ታለቅስ ነበር፤ የደስታ ነው ብለን አለፍነው። አባባም በረንዳው ላይ ሆኖ ቁልቁል መኪናውን ሲያይ አየሁት፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ከጎኑ የነበረውን ሰው አስነሥቶ ወንበር አስለቀቀና ጠራኝ። «ሚሚ፣ ውረጂና እኚያን ሰውዬ አያቴ ወደ ላይ ይውጡ ብሎዎታል በያቸው። ቦታ ይዤላቸዋለሁ በይ።»

ወረድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለ ኃይሉ አሰብኩ። ሁለተኛው ላይ አያቴ ደከመው እንጂ ይቅር አላለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መንገዱን ተሻገርኩ። አቶ ግርማ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጭኑ ላይ የተጠቀለለ ስጦታ ይዟል። «ምን አሉ፣ የኔ ልጅ?» አለኝ፣ ፊቱ በተስፋ ተከፍቶ።

«ሂድ ብሏል» አልኩት። በሕይወቴ ሽማግሌ አንተ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ሄደ።

ላይ ስወጣ «እምቢ አለ፣ ሄደ» አልኩ። አያቴ «እምቢ አለ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝና ወንበሩን ራሱ አንስቶ ወደ ጓዳ አስገባው። ከዚያ ወዲያ ስቲማ ሲጠፋ የበቅሎዎቹን ተረት ብንለምነው «ረሳሁት» ይለን ነበር። አቶ ግርማ የዚያን ቀን ነገር ለዮናስ እንኳ ሳይነግረው በዓመቱ ሞተ፤ አያቴም ቆይቶ ተከተለው፤ ሁለቱ አንድ ገበታ ሳይቀርቡ።

ዛሬ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ በቲካ መንገድ ስሄድ ሬዲዮው የባቡር ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ነው ይላል። ወዲያው አንድ ባለሥልጣን ገብቶ ጉዳዩ እየታየ ነው፣ ሥራችሁን ቀጥሉ ይላል፤ ቀጥሎ ይኸው ቃል ለመምህራኑ፣ ለሐኪሞቹ ይነገራል። ተሳፋሪው ሠራተኞቹን ያማል። እኔ የተናገረውን ባለሥልጣን ስም በልቤ እይዛለሁ። ምን ላደርገው? ምንም። ግን እይዛለሁ፣ አንድም አልረሳሁ። አቶ ግርማም የእጁን አገኘ እላለሁ፤ አብዛኛውን ቀን እንዲህ ብዬ አድራለሁ። በቀሩት ቀኖች ግን አያቴ ስንት ዓመት የተሸከመውን አንዴ ሊያወርድ እንደነበረ፣ መልሼ የጫንኩበት እኔ እንደሆንኩ ይታወሰኛል።

አክስቴ ሰናይት ዛሬም የሠርጓን ፎቶ ባየች ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ የዮናስ አጎት ለምን እምቢ እንዳለ እስካሁን አልገባትም። «ሚሚዬ፣ አንቺ ነሽ የተላክሽው፤ ሰውዬው ያን ቀን ምን አለሽ?» ትለኛለች።

«ልጅ ነበርኩ፣ እትዬ፤ አላስታውስም» እላታለሁ። ታምነኛለች።