ኮፈኑ እስኪደርቅ

የአባዬ አሮጌ መኪና ኮፈን መላላጥ የጀመረው ከሁለት በጋ በፊት ነው። እዚህ ኦሮራ፣ ተራራ ሥር ባለችው ከተማችን፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም፤ ደጅ ፓርክ የተደረገ መኪና ሁሉ አንድ ቀን ይደርሰዋል። መጀመሪያ ክሊሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ያ ብርጭቆ የመሰለ ሽፋን፣ ነጭ ነጭ ይላል። ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። የኛዋ መኪና ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነች ነጩ ከሩቅ ይታያል። ወንድሜ ካርታ የተሳለባት ነው የምትመስለው ይል ነበር።

አባዬ ኤርፖርት ለሚመላለስበት ሥራ ሌላ መኪና ስለገዛ ይህችኛዋን ሊሸጣት ወሰነ። ቅርባችን ባለው ቶርንተን ከተማ የሚኖር አንድ ሰው እሁድ መጥቶ ሊያያት ቀጠሮ ያዘ። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነበር፤ ትምህርት ሊጀመርም ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መኪናዋን ፈለግኳት። እንዲያው ፈለግኳት ስል ሌሊት ስሟን እየጠራሁ እቃዣለሁ ማለት አይደለም፣ ግን ወደዚያ ይጠጋል።

አባዬ አይሆንም አለ። እንዲህ የተላላጠ ነገር እየነዳሁ ከቤት ብወጣ ሰው ለልጁ ውራጅ ሰጣት ይለዋል። ታዲያ እኔው ራሴ እቀባዋለሁ አልኩት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳቀ። ሲጨርስ ግን ፊቴን አየና፣

"እስከ እሁድ ለስልሶ ካየሁት ያንቺ ናት፤ ካልሆነ የሰውየው ናት" አለ። ተጨባበጥን።

ጥፍሯን ቀለም የምትቀባ ልጅ የዚህን ሙያ ግማሹን ታውቃለች። አወፍራለሁ ካልሽ ይወርዳል፣ ሳይደርቅ ከነካሽው አለቀልሽ። የቀረውን ግማሽ ሌሊት ሌሊት ቪዲዮ አይቼ ተማርኩ። ማክሰኞ ኮፈኑን በሳሙና አጥቤ፣ ውሃ እያፈሰስኩ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ነጭ ውሃ እንደ ወተት በመከላከያው ላይ ይወርዳል፣ ክንዴ ይዝላል፣ እኔ እዘፍናለሁ። አሮጌው ክሊር የሚያልቅበትና ቀለሙ የሚጀምርበት ጠርዝ ጣቴን እስከማይዘው ድረስ ፈተግኩ። ከዚያ መስታወቱንና መብራቱን በፕላስቲክ ሸፍኜ በወረቀት ፕላስተር አሸግኩ።

ረቡዕ በጠዋት ተነሳሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል ዝናብና በረዶ ሊመጣ ስለሚችል ማለዳው ይሻላል። አቧራ እንዳይነሳ የጋራዡን ወለል ውሃ ረጨሁበት። በሩን ግማሽ ድረስ ከፍቼ፣ ሁለት ማጣሪያ ያለውን ትልቁን ማስክ አጥልቄ፣ መጀመሪያ ቀለሙን ስፕሬይ አደረግኩ። እሱ ሲደርቅ ክሊሩን ቀጠልኩ። ቀጭን አንድ ዙር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፤ ሁለተኛ ዙር፣ መጠበቅ። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍናል፤ እጅ ኮፈኑ ላይ አይቆምም፣ ጠርዙን አልፎ ሄዶ ነው የሚመለሰው። ሦስተኛውን ዙር ስጨርስ የጣሪያው መብራት ኮፈኑ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ። ማስኩን አውልቄ ደጅ ወጣሁና ለብቻዬ ጨፈርኩ።

በዚህ መሃል ነው ሽማግሌው ጎረቤታችን የመጡት። ከመንገዱ ማዶ ነው የሚኖሩት። አስመራ ተወልደው አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፣ ከእኔ የበለጠ ይናገሩታል። በወጣትነታቸው ባትላሜራ ነበሩ፤ የተጋጨ መኪና ቀጥቅጠው ያቃናሉ፣ ይቀባሉ። የስፕሬዩ ሽታ ነው የጠራቸው። አባዬም ከቤት ወጥቶ ነበር፤ እንዳያስገባቸው በዓይኔ ብጠቅሰው ብጠቅሰው፣ እሱ ሽማግሌ ደጅ አይቆምም ብሎ በሩን ከፍ አደረገላቸውና ይግቡ፣ ይግቡ አለ።

ደግነቱ ሥራውን ያውቁታል። ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው፣ ጎንበስ ብለው ብርሃኑን በጎን አዩት። ማን እንደሠራው ጠየቁ። አባዬ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ ኮፈኑን አዩ፣ ደግመው እኔን አዩ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

"ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም የምትገቢባት ያድርግልሽ።"

እኔና አባዬ መዳፋችንን ዘርግተን አሜን አልን። ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ በቃል ብቻ አያበቃም። አንዴ ወደ እኔ እንትፍ አሉ፤ እሺ፣ እኔ ደርቄያለሁ። ሁለተኛውን እንትፍ ለመኪናዋ ሰጧት።

አምስት ጠብታዎች። ቆጥሬያቸዋለሁ። መሃል ኮፈኑ ላይ፣ እርጥብ ክሊር ላይ፣ ጉብ ጉብ አሉ።

አባዬ ከኪሱ የናፕኪን ወረቀት አወጣና ሊጠርግ እጁን ዘረጋ።

"አባዬ፣ አትንካው!"

ሽማግሌ ፊት አባቴን እንደዚህ አዝዤው አላውቅም። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው በአባዬ እጅ አቅጣጫ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

"እኔ ነኝ አይደል?" አሉ።

ኧረ ምንም አይደለም አልኩ። እንዳላባብላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለም ሲያዩ እንደኖሩ ነገሩኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው፣ "ልጅቷ ልክ ናት። እርጥቡን ከጠረግከው ጉድጓድ ይሆናል። ይድረቅ፣ ከደረቀ በኋላ እሷ ታወርደዋለች" አሉት። አንገታቸውን ደፍተው መንገዱን ተሻገሩ። አሳዘኑኝ፤ ለራሴም አዘንኩ።

ሦስት ቀን ጠበቅኩ። አባዬ በጋራዡ ባለፈ ቁጥር በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ለቶርንተኑ ሰውዬ አድራሻ እንደላከለትም ነገረኝ። ቅዳሜ የመጨረሻውን፣ ሲነኩት ሐር የሚመስለውን ብርጭቆ ወረቀት ሳሙና ባለው ውሃ ነክሬ ጀመርኩ። አንዱ ጠብታ ጠፋ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጠፉ። ግን እንዲህ ሲፈተግ ክሊር ለጊዜው እንደ ጉም ይደበዝዛል፤ አባዬ ደግሞ ሌላ ሰዓት አጥቶ ልክ ያኔ ገባ።

"አበላሸሽው" አለ በሐዘን። ሻይህን ጠጣና ተመለስ ብዬ አስወጣሁት።

አራተኛው ጠፋ። አምስተኛው ግን ጠለቅ ብሎ ነበር። ትንሽ ልግፋበት ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ ቆምኩ። ብገፋ ክሊሩን አልፌ ቀለሙ ላይ እደርሳለሁ፤ ያኔ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ እሁድ ደግሞ ነገ ነው። ተውኩት። በለስላሳ ጨርቅ ፖሊሽ ሳደርገው ጉሙ ተነሳና የጣሪያው መብራት ተመልሶ መጣ።

እሁድ ጠዋት አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጥፍሩ ጫን አደረገ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

መዋሸት እችል ነበር፣ አቧራ ናት ብዬ። "ምርቃቷ ናት" አልኩ። "ከዚህ በላይ ብፈትጋት ክሊሩ ይበሳል። ለስልሷል አልልህም፣ አንድ ቦታ ቀርቶታል።"

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። የሚለውን እየጠበቅኩ መወልወያውን አነሳሁ። አባዬ ስልኩን አወጣና ለቶርንተኑ ሰውዬ ደወለ።

"ሄሎ፣ ወንድሜ፣ መንገድ ጀምረሃል እንዴ? በጣም ይቅርታ፣ መኪናዋን የወሰዳት ሰው አለ" አለ። ትንሽ አዳመጠ። "አይ፣ አልሸጥኳትም። ልጄ ሠርታ ወሰደችብኝ።"

ሰውዬው ምን እንዳለው እንጃ፣ አባዬ ይስቅ ጀመር። እኔ ምንም እንዳልሰማ ሰው ኮፈኑን እወለውላለሁ፤ ስልኩን ሲዘጋ ወደ እጄ ባይ፣ ያንኑ አንዱን ቦታ ብቻ ነበር ስወለውል የቆየሁት።