የአዴ ጫልቱ ቀጠሮ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩም። በጾም ወተት መቅመሴን፣ ሐሜቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን እየዘለልኳት ኖርኩ። እናንተ ስሙኝ።

ሰበታ ላይ የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ሊቋቋም ነበር። እኔ የቡራዩ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛም እንግሊዝኛም ስለምችል ገንዘብ የሚሰጡትን የውጭ እንግዶች ከታማሚ ጋር የማገናኘው እኔ ነበርኩ። ሰበታ አጠገብ ካለችው ተፍኪ አዴ ጫልቱ የሚባሉ የገበሬ ሚስት መረጥኩ። ጡታቸው ቆስሏል። የመረጥኳቸውም ቁስላቸው ስለሚታይ ነው።

እንግዶቹ የመጡ ቀን አዴ ጫልቱ ታጥበው፣ ንጹሕ ፋሻ አስረው፣ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ጠበቁን። እንግዳ ማክበራቸው ነው። እኔ ግን ተናደድኩ። ፋሻውን አስፈታኋቸው።

"ልጄ፣ ወንዶች አሉ እኮ" አሉኝ።

"ሐኪሞች ናቸው" አልኳቸው። አልነበሩም።

አንዱ ሽማግሌ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ፣ "እዚህ ጥናት ብቻ እንጂ ሕክምና እንደማይሰጥ እሳቸው ያውቃሉ?" ሲል ጠየቀኝ። እኔስ ምን ብዬ አስተረጎምኩ? "ቤቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚታከሙት እርስዎ ነዎት ይላሉ" አልኳቸው። ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ወደ እኔም ዞረው፣ "አንቺንም ካሰብሽበት ያድርስሽ" አሉ። ለእንግዳው፣ "ያውቃሉ፤ ለልጅ ልጆቻችን ይሁን ነው የሚሉት" አልኩት። አለቀሰ። ላቦራቶሪው ተሠራ።

አዴ ጫልቱ አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። "አንቺ እያለሽልኝ ለምን ልቆረጥ?" ብለው ቀሩ። ነግረውኝ ነው የቀሩት። እኔም "ደግ አደረጉ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሕንጻው ሲያልቅ መለወጫ ልብሳቸውን ቋጥረው በሩ ላይ መመላለስ ጀመሩ። ዘበኛውን፣ "ማሽኑ ገና አልገባም በላቸው" አልኩት።

"ማሽኑ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? እኔ እንኳ ከተፍኪ ደርሻለሁ!" እያሉ ያስቁት ነበር። እኔ እዚያው ተቀጥሬ ነበርና ከቢሮዬ መስኮት ጋ ቆሜ እሰማለሁ። መጋረጃውን እስባለሁ። በኋላ በጋሪ መጡ። ከዚያ ቀሩ። መርዷቸውን የነገረኝ ዘበኛው ነው።

ፎቶአቸው እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቅሏል። እኔን ላቦራቶሪው ለትምህርት ወደዚህ ሩቅ አገር ላከኝ። እሁድ እሁድ ከሁሉ ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ፤ "እንዴት ያለች ጨዋ!" ይሉኛል።

ልጅ ነበርኩ፣ ለብዙዎች ይጠቅማል ብዬ ነው፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። ውሸት ነው። እንግዳው እንዳያፈገፍግ፣ እኔም ከዚያ አገር እንድወጣ ያደረግኩት ነው። ማሩኝ አልላችሁም፤ ቁስሉ የእናንተ አልነበረም።

ካሰብኩበት ደርሻለሁ። በእሳቸው ምርቃት።